የቃሉን ራስ ሳናይ አንለፍ

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው በእንግሊዝኛ ቃላት ራስ ላይ የሚቀመጡትን ትንንሽ ቁራጮች ታሪክ ነው። በትምህርት ቤት ባዕድ መነሻ ይባላሉ።

«እኛ ገና አማርኛውን አልጨረስንም፤ እንግሊዝኛው ምን ይሠራልናል?» የሚል አይጠፋም። እንግሊዝኛ ግን ሳንጠራው ከቤታችን ገብቷል። በነዳጅ በርሜል፣ በመድኃኒት ብልቃጥ፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን።

መጀመሪያ ከራሳችን ቋንቋዎች እንነሣ። አማርኛ «ሄደ» የሚለውን ሲያፈርስ «አልሄደም» ይላል። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው ቃሉን መሐል ያስገቡታል። በሀዲያና በከምባታ ቋንቋዎች ግን ግሡን የሚያፈርሰው ቁራጭ ከጭራው ላይ ነው የሚመጣው። ሰሚው ነገሩ መደረጉን ወይም አለመደረጉን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። በእንግሊዝኛ ቅጽሎች ደግሞ አፍራሹ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ላይ ነው። «ሃፒ» ደስተኛ ማለት ነው፤ «አንሃፒ» ደስ ያላለው ማለት ነው። እንግዲህ ጭራ ማየት የለመደ ሰው እዚህ ላይ ራስን ማየት መልመድ አለበት።

እነዚህ መነሻዎች ከአንድ ቤት የወጡ አይደሉም። «አን» የእንግሊዝኛው የራሱ ጥንታዊ ሀብት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ግን ኖርማኖች ከፈረንሳይ ምድር ተሻግረው እንግሊዝን ያዙ። ገዢዎቹ ይናገሩ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛ እናት ደግሞ ላቲን ናት። በዚህ መንገድ እንደ «ኢን»፣ «ዲስ» እና «ትራንስ» ያሉ መነሻዎች ከብዙ ቃላት ጋር ገቡ። ኋላም ሊቃውንት ለሕክምናና ለሳይንስ «አንቲ»ን፣ «ሃይፐር»ን፣ «ሃይፖ»ን ከግሪክ ወሰዱ።

በየዕለቱ የምንላቸውን ሦስት ቃላት እንመልከት፤ ትራንስፖርት፣ ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት። በላቲን የሦስቱም ሥር መሸከም ማለት ነው። «ትራንስ» ማዶ፣ «ኢም» ወደ ውስጥ፣ «ኤክስ» ወደ ውጭ ነው። ስለዚህ ቡናችን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ኤክስፖርት ይባላል፤ መኪና ከውጭ ሲመጣ ኢምፖርት ይባላል። ሥሩ አንድ ነው፤ መንገዱን የሚያሳየው መነሻው ነው።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ኢምፖሲብል» የማይቻል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ኢም» አፍራሽ ነው እንጂ ወደ ውስጥ ማለት አይደለም። ምክንያቱም በላቲን ድምፃቸው የተመሳሰለ ሁለት ቁራጮች ነበሩ፤ አንደኛው «ውስጥ»፣ ሁለተኛው «አይደለም»። ይህ መመሳሰል አደጋ አለው። በቤንዚን ወይም በላምባ በርሜል ላይ «ኢንፍላመብል» ተብሎ ቢጻፍ ሰው «የማይቀጣጠል» ሊመስለው ይችላል። ትርጉሙ ግን በቶሎ የሚቀጣጠል ማለት ነው! በዚህ ስሕተት ሰው እንዳይቃጠል፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1920ዎቹ ጀምሮ «ኢን» ተነሥቶ «ፍላመብል» ብቻ እንዲጻፍ መከረ።

በሐኪም ካርድም እንደዚሁ ነው። «ሃይፐር» በላይ፣ «ሃይፖ» በታች ነው። «ሃይፐርቴንሽን» የደም ግፊት ከልክ በላይ መሆኑ ነው፤ «ሃይፖቴንሽን» መውረዱ ነው። አንዱን ለሌላው የወሰደ በሽተኛ የሚጠጣው መድኃኒት ሊጎዳው ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። የተማሩ ሰዎች እነዚህን ቃላት ወደ አማርኛ ሲመልሱ ከግዕዝ ተበደሩ። ለ«አንቲ» «ፀረ» አሉ፤ ፀረ ተባይ፣ ፀረ ወባ። ለ«ፕሪ» «ቅድመ»፣ ለ«ፖስት» «ድኅረ» አሉ። ሰብአዊ ያልሆነውን «ኢሰብአዊ» አሉት። የግዕዙ «ኢ» ከላቲኑ «ኢን» ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።

ከነዚህም አንዷ በአገራችን ደም አፍስሳለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ፀረ ሕዝብ»፣ «ፀረ አብዮት» የሚለው ስም የተለጠፈበት ብዙ ወጣት ያለ ፍርድ ተገደለ። ተባይን ለማጥፋት የምናውቃት «ፀረ» ሰውን ማጥፊያ ሆነች። እንግዲህ ማንበብ ማለት ፊደል መጥራት ብቻ አይደለም፤ «ይህ ቃል በማን ላይ ተለጠፈ? ለምንስ?» ብሎ መጠየቅም ጭምር ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሲሄድ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል። የሀዲያና የከምባታ ቋንቋዎችም ከነዚህ ውስጥ ነበሩ፤ የተጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ግን ልጆቻችሁ እነዚህን ቋንቋዎች የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። ይኸው ፊደል የእንግሊዝኛውም ፊደል ስለሆነ፣ በርሜሉን ወይም ካርዱን ልጃችሁ ፊደል በፊደል እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ትርጉሙን ግን ልጁም አንተም አትገምቱ፤ ሻጩን ወይም ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

መልመጃ፦ «አልገዛም»፣ «ፀረ ተባይ»፣ «ኢምፖርት»፣ «ኢምፖሲብል» የሚሉትን በደብተራችሁ ጻፉ። ከየቃሉ ራስ ላይ ያለውን ቁራጭ አስምሩበትና ሥራው ማፍረስ፣ መቃወም ወይስ ሥፍራን ማመልከት እንደሆነ ለጓደኛችሁ አስረዱ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሰንብቱ!