ፎቶግራፍ ያልተነሣው ገበሬ

በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. ደምበጫ ምሽግ ውስጥ የተነሣውን ፎቶግራፍ ከሙያ ባልደረቦቻችን መካከል ያላየው ጥቂት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመካከል፣ እንግሊዛውያኑ መኮንኖች ሳንድፎርድና ዊንጌት በግራና በቀኝ ቆመዋል። ጣሊያን ቡሬንና ደምበጫን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በየካቲት መጨረሻ ነበር። ይሁን እንጂ ጠላትን በየምሽጉ አስጨንቀው ያቆዩት እነ በላይ ዘለቀ፣ እነ መንገሻ ጀምበሬና እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነርሱንም ሲቀልብ የኖረው የጎጃም ገበሬ በዚያ ምስል ውስጥ የሉም። ካሜራው ከጦሩ ጋር መጣ፤ ከጦሩም ጋር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ 27 ዓመት አለፈና ያው ገበሬ በራሱ ጉዳይ ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. የታወጀው የእርሻ ገቢ ግብር ለአዲስ አበባ ሹማምንት የገንዘብ ጉዳይ ነበር። በጎጃም ግን መሬት በአባትና በእናት ዘር የሚወረስ ርስት ነውና፣ ገማቹ ዛሬ ምርቱን ከቈጠረ ነገ ቃላድ ጥሎ መሬቱን ይለካል፣ ርስተኛውም ገባር ሆኖ ይቀራል ተብሎ ተፈራ። ፍርሃቱ ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አይመስለኝም፤ ከደቡብ የሚሰማው የጭሰኛ ኑሮ በቂ ማስረጃ ነበር። ሞጣ፣ ብቸናና ደጋ ዳሞት አመፁ። መንግሥት ጦር ላከ፤ መንደሮችም በአውሮፕላን ተደበደቡ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ገበሬው ያሰበው ተሳካለት ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ ደምበጫው በየመጽሐፉ የሚታተም አንድ ምስል እንኳ አላተረፈም።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ወደ ተራበው ገበሬ ልኳል። ዶሮቲያ ላንግ በ1936 በካሊፎርኒያ ያነሣቻት ስደተኛ እናት የዚያ ዘመን ፊት ሆና ቀርታለች። ያም ቢሆን ነቀፌታ አላጣውም፤ ኃላፊው ሮይ ስትራይከር ያልወደደውን ኔጋቲቭ በመብሻ ይበሳው ነበር፤ እናቲቱም ከዝነኛው ምስል አንዳች እንዳልተጠቀመች ከ40 ዓመት በኋላ በምሬት ተናግራለች። ሆኖም የተበሳው ኔጋቲቭ እንኳ ዛሬ በቤተ መዛግብት ይታያል። የእኛ የሚበሳም አልነበረው።

በአመፁ ዓመት የ20 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ 80ን ይጠጋል። የማኅበራችን አባላት ለሠርግም ሆነ ለስብሰባ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ መመላለሳቸው አይቀርም። ከአስፋልቱ ጥቂት ወጣ ብለው፣ እስከ ፈረስ ቤትም ዘልቀው፣ ሽማግሌዎቹን በደጃቸው ያንሡ፤ የሚናገሩትንም ይመዝግቡ። በግድግዳ የተሰቀለ የፎቶ ቤት ምስል ካለ በባለቤቱ ፈቃድ አውርደው ይቅዱት፤ ጀርባውንም ያንሡ፤ ስምና ዓመተ ምሕረት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው።