የአልትራቫዮሌት ሕክምና የቆዳን መከላከያ ያጠናክራል ወይስ ይጎዳል?

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት ፀሐይ ብርቅ አይደለችም። ከተማዋ ከምድር ወገብ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ በመሆኗ፣ በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ለምጽ ወይም ሶራያሲስ ያለበት ሰው የአልትራቫዮሌት ሕክምና ሲታዘዝለት «ፀሐይ ደጅ ላይ እያለ ማሽን ለምን አስፈለገ?» ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም።

መልሱ የሚገኘው ከወረቀት በቀጠነው የቆዳ ውጫዊ ሽፋን ላይ ነው። በዚህ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ ይደረደራሉ፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የቅባት አሲዶች ደግሞ እንደ ጭቃ ያያይዟቸዋል። ሽፋኑ የሰውነት ውሃ እንዳይተን፣ ጀርሞችም እንዳይገቡ ይከላከላል። በኤግዚማና በሶራያሲስ ጊዜ ይህ ግንብ ይዳከማል።

የአልትራቫዮሌት ጨረር በዚህ ግንብ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በመጠኑ ይወሰናል። ቆዳን የሚያቃጥል ከፍተኛ መጠን በቀናት ውስጥ መከላከያውን ያዳክማል፤ ቆዳውም ውሃ ያጣል። ከማቃጠያው በታች የሆነና የሚደጋገም መጠን ግን ውጫዊውን ሽፋን ያወፍራል፣ ቅባቶቹንና ጀርም ተከላካይ ፕሮቲኖችን ያበዛል፣ ብግነትንም ያበርዳል። በለምጽ ላይ ደግሞ ቀለም አምራች ሕዋሳትን ያነቃቃል።

ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በብርሃን በማከም እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ሕክምና ከ311 እስከ 313 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ጠባብ ጨረር ይጠቀማል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሰጣል፤ መጠኑም በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል።

ፀሐይ ግን መጠኗ አይለካም፤ እንደ ሰዓቱና እንደ ደመናው ይለዋወጣል። ቀለም ያጣው የለምጽ ቦታ ቶሎ ይቃጠላል፤ ቃጠሎው ራሱ ለምጹን ሊያስፋፋ ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በግልጽ ስለማይታይ ማቃጠል፣ ሕመምና ማሳከክ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው።

ታካሚው በሕክምናው ወቅት ዓይኑን በመነጽር መሸፈን፣ ከዚያ በኋላ ቆዳውን ማለስለስና በዚያው ቀን ከፀሐይ መጠለል ይኖርበታል። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ ቆዳን ለብርሃን የሚያጋልጡ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰውም ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት።