ፈተና ላይ የማይመጣው ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ ዘመን በኩል አድርጌ እብናት ዘልቄ ነበር። ሻይ ቤት ከተዋወቅሁት አንድ ወጣት የሥነ ዜጋ መምህር ጋር ስንጨዋወት የነገረኝ ነገር እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣና «የማይጾም፣ የማይሰግድ ሰው ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

«ታዲያ ምን አልከው?» አልሁት።

«ምን ልበለው ጋሼ? ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ አለፍሁት።»

ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም።

በመምህሩ ላይ አልፈርድም። ይህን ጥያቄ ስንሸሽ የኖርነው እኛው ነን። በንጉሡ ዘመን «ግብረ ገብ» የሚባል ትምህርት ነበር፤ አትዋሽ፣ ታላቅህን አክብር፣ ንጉሥህን ውደድ የሚል። መሠረቱ በአብዛኛው ክርስቲያናዊ ስለነበር አጠገቡ የተቀመጠው ሙስሊም ልጅ ምን ይሰማው እንደነበር የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ደርግ መጣና በቦታው የፖለቲካ ትምህርትን ተከለ። እኔ የደረስሁት በዚህኛው ነው። ዲያሌክቲካል ማቴሪያሊዝምን ልክ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ነበር ያጠናነው። ከዚያ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን ይዞ መጣ። የሕግ የበላይነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እየተባለ 11 እሴት ተደረደረ፤ ያው 11 እሴት ከክፍል ወደ ክፍል ይመላለስ ነበር። በ2015 በተጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለው «የዜግነት ትምህርት» ተብሏል። ስሙ ይቀያየራል። የልጁ ጥያቄ ግን ዛሬም እጁን እንዳወጣ ነው።

የሚጠቀሰው ሰበብ ሕገ መንግሥቱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተፅዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ደግ ብሏል። ብዙ ሃይማኖት ባለበት አገር ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ነገር ግን «ከተፅዕኖ ነፃ» ማለት «አፋችሁን ዝጉ» ማለት አይደለም። ስለ ሃይማኖት ማስተማር ሌላ፣ ሃይማኖት መስበክ ሌላ። ልዩነቱን የሚያውቅ መምህር ካላሠለጠንን ግን ዝም ማለቱ ይሻላል ብንል አያስገርምም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር ሲሄዱ እንፍራዝ ይደርሳሉ። ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው የአክሱም ሰው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሰደደበት ዋሻ ወጥቶ የኖረው እዚያ ነው ይባላል፤ በሀብቱ ቤት እያስተማረ። «ሐተታ» የሚባለው መጽሐፉ ጾምን፣ ምንኩስናን፣ የሰው ንግድን ሳይቀር «ብርሃነ ልቡና» በሚለው እየመዘነ የትኛው የፈጣሪ፣ የትኛው የሰው ሥራ እንደሆነ ይመረምራል። የሀብቱ ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሂሩትን ሲያገባም ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። እንግዲህ የእብናቱ ልጅ የጠየቀውን ጥያቄ ጎረቤቱ እንፍራዝ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠይቃዋለች ማለት ነው።

«ቆይ፣ መጽሐፉ እኮ የውሸት ነው» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩ እውነት ነው። ሐተታውን በ1850ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካፑቺን ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ጸሐፊው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ተነሣ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ዕድሜያቸውን ሰጡበት። ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጥረው በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ነገር ግን ጁስቶ የተቀመጠው የት ነበር? የድጓ ምስክር በሚሆንበት በጋይንት ቤተልሔም! ቢሆን የእንፍራዝ፣ ባይሆን የጋይንት፤ እብናት ሆኖ ለሚማር ልጅ በግራም በቀኝም ጎረቤቱ ነው። እንዲያውም ለክፍል ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? አንዱ ቡድን «እውነተኛ ነው»፣ ሌላው «አይደለም» ብሎ ማስረጃ እያነሣ ይሟገት። ፍልስፍና ማለት ሌላ ምንድን ነው? የቅኔ ቤት ተማሪስ ከመምህሩ ጋር ሲከራከር አይደል የሚያድገው?

ፍልስፍናው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይደርሳል የሚሉ አሉ። እርግጥ ከ2012 ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ይማራል። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀረውስ ማሰብን የት ይማር?

ደግሞ ነገሩ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ1977 ድርቅ እብናት ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ ነበረባት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወታደሮች መጡና በአሥር ሺዎች የሚቆጠረውን ሕዝብ ወደየአገራችሁ ሂዱ ብለው በግድ አስወጡ፤ ጎጆዎቹን አቃጠሉ። ሕፃን ያዘለች፣ መቆም ያቃታት ሳትቀር በእግሯ ሂጂ ተባለች። ከነዚያ ወታደሮች መሃል ትምህርት ቤት የደረሰ ካለ በልጅነቱ የተማረው ግብረ ገብ መሆን አለበት። «ታላቅህን አክብር» ተምሯል። ታላቁ የተራበ ሰው ጎጆ ላይ እሳት ለኩስ ሲለው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማን አስተማረው?

ይህንኑ ለወጣቱ መምህር አነሣሁበት። ተማሪዎቹ ስለ መጠለያው ያውቁ እንደሆን ጠየቅሁት።

«ቦታውንማ ያውቁታል፤ አያቶቻቸው ይነግሯቸዋል» አለኝ። «መጽሐፉ ላይ ግን የለም ጋሼ።»

ሻዩን ሂሳብ ልክፈል ብል እሺ አላለኝም። የከሰዓት ፈረቃ ነበረበት፤ ጠመኔውን ከኪሱ እየፈለገ ሄደ።