ፊደልና ቁልፍ

የአንድ ሕዝብ የጽሕፈት ታሪክ ከመሣሪያው ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ይሁን እንጂ ስለ ፊደላችን ስንከራከር ስለ ቅርፁና ስለ ብዛቱ እንጂ ስለ ቁልፉ እምብዛም አንነጋገርም።

የጨው ኩሬዎች በከበቧት በኒውአርክ የሌሊት ፈረቃ እየሠራን የምንማር ሁሉ በየፋብሪካው መኪና ግንባር ላይ ያለችውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ እናውቃታለን። ባለ 2 ቁጥሩ ቁልፍ ሦስት የላቲን ፊደላት ተሸክሟል፤ አንዴ ሲጫኑት ኤ፣ ሁለቴ ቢ፣ ሦስቴ ሲ ይላል። ጥቂት ቆም ካሉ የታየውን አጽንቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፈረቃ ተረካቢው ስሙን እንዲያስገባ ሲታዘዝ፣ ስሙ በ«ጸ» የሚጀምረው ጓዳችን ለአንዱ ድምፅ ሁለት ፊደል ያባክናል፤ ያም ሆኖ ጽሑፉ ስሙን አይመስልም። ከዚህች ሰሌዳ ፊት ቆመን ነው ወደ ኋላ መመልከት የጀመርነው።

በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በብዛቱ አልተቸገረም፤ የፊደል መልቀሚያ ሣጥን የፈለገውን ያህል ክፍል ሊኖረው ይችላልና። ችግሩ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። 45 ያህል ቁልፎች ያሉት፣ በአንድ ቁልፍ ሁለት ምልክት የሚሸከም የአውሮፓ መኪና ከ90 ያህል ምልክት በላይ አይመታም። የእኛ መደበኛ ፊደል ግን 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። ከ1928ቱ የፋሽስት ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለዚህ እንቆቅልሽ መልስ ፈለጉ። መፍትሔው ፊደልን በቁራጭ መምታት ሆነ፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ቀጥሎ የካዕብ ወይም የሣልስ ቅጥያው። በኋላ ኦሊቬቲ ባመረታቸው መኪናዎች የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ቅጥያው ከአካሉ የራቀበትን ፊደል ያስታውሳል። ፊደሉ ተጎሳቁሏል፤ ነገር ግን ተጽፏል። አያናን የምናከብረው ስለዚሁ ነው።

ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። ፊደል ይቀነስ፣ ቅርፁ ይሻሻል የሚሉ ሐሳቦች ሲቀርቡ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መኪና ነበር። ፊደሉ ከመኪናው ሊስማማ ተፈለገ እንጂ የመኪናው አሠራር ከመሠረቱ አልተጠየቀም። የአማርኛ ቴሌፕሪንተር የሠሩት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅን የመሰሉ ባለሙያዎች ሲቀሩ፣ አብዛኛው ተከራካሪ ቁልፍን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀበለው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በውጭ አገር የነበሩት የተማሪ ማኅበራት ከታገሉባቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ በእጅ ተጽፈው የተባዙ መሆናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአማርኛ መኪና በቀላሉ አይገኝም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከዚሁ ሰላጤ ነው። ከኒውአርክ የዱምባርተንን ድልድይ ተሻግሮ ብዙ ሳይርቅ በፓሎ አልቶ የዜሮክስ ባልደረባ ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለምን ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰፍር ዕቅድ አቀረበ፤ 16 ቢት፣ 65,536 ቦታ። በዚያው ዐሥርት የፍስሐ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በካሊፎርኒያ ለግል ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን በ345 ምልክቶች ገባ። እያንዳንዱ ፊደል፣ «ሆ» ራሱ፣ ሙሉ አካል ሆኖ የራሱ ቁጥር አገኘ። ቁራጭ መለጠፍ ቀረ፤ ቁልፉም ከቅርፁ ተላቀቀ። የሚመቱት ሌላ፣ የሚታየው ሌላ ሊሆን ቻለ።

ወደ ሰሌዳችን እንመለስ። በቁልፎቿ ላይ ፊደላችንን መደልደል ቢያስፈልግ፣ ቀናው መንገድ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የፊደላት ዝርዝር መስጠት ይመስላል። 33ቱ ቤቶች ለ9 ቁልፎች ቢከፋፈሉ ለአንዱ ከ4 አይበልጡም። በባለ 1 ቁጥሩ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ከነእርከናቸው ቢሰፍሩ «ሞ»ን ለመጻፍ 28 ጊዜ መጫን ሊኖርብን ነው። ይህ የላቲንን ሥርዓት በግዕዝ ልብስ ማልበስ ነው። ቤቱን በቁጥር ቁልፍ፣ እርከኑን ከመስኮቱ ሥር በተደረደሩት የኤፍ ቁልፎች ብናደርገው ግን «ሞ» አራት ጊዜ 1፣ አንድ ጊዜ ኤፍ 7፣ በጠቅላላው 5 ምት ነው። ኤፍ 8 ለዲቃሎቹ ይቀራል። በ«ሀ ሁ» ገበታ ላይ ቤቱ ወደ ታች፣ እርከኑ ወደ ጎን ሲሄድ ያየ ሕፃን ይህን ያውቀዋል።

በመካከላችን ያልተፈታ አንድ ክርክር አለ፤ እርከን ሳይጫኑለት የጸና ቤት ምን ይሁን? ግማሾቻችን ገበታው በግዕዝ ስለሚጀምር ግዕዝ ይሁን ይላሉ። እኛ የቀረነው ሳድስ ይሁን እንላለን፤ አማርኛ ሳድስ ያበዛልና አንድ ምት ይተርፋል፣ በሌሊት ፈረቃ ደግሞ ጣት ይደክማል።