ቀኑን ማን ያስታውሳል? ከነጋሪት እስከ ሚስኮል

ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ ሮቢት የምትባል ከተማ አለች። ስሟን ቀስ ብላችሁ ጥሩት፤ ውስጡ ሮብ አለ። ከወልድያ በጋሸና አድርጋችሁ፣ «የቻይና መንገድ» በሚባለው፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ብትሻገሩ ደግሞ እነ አርብ ገበያ፣ እነ ሐሙሲት፣ እነ ማክሰኝት አሉላችሁ። ሁላችንም እንጠራቸዋለን፤ ቆም ብሎ ያሰባቸው ግን ጥቂት ነው። ገበያው የሚቆምበት ቀን የአገሩ ስም ሆኖ ቀርቷል። መንገደኛው «የት ደረስክ?» ሲባል «ሐሙሲት» ብሎ ሲመልስ፣ ሳያውቀው የገበያ ማስታወቂያ እየለፈፈ ነው። ያውም በነፃ።

ዛሬ መርሳ ላይ ሱቅ የሚከፍት ወይ ወልድያ ላይ ባዛር የሚያዘጋጅ ወጣት የሚያስጨንቀው ይኸው ነው፦ ደንበኛው ቀኑን እንዳይረሳ በትንሽ ገንዘብ ምን ይደረጋል? ባነር ያሳትማል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል፣ ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ያስራል። ክፋት የለውም። ግን ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ አያቶቻችንም መልሰውታል። መልሳቸው ደግሞ ከኛው ይረክሳል፦ ሰው ቀድሞ በጭንቅላቱ የያዘውን ቀን ፈልግ፣ ጉዳይህን እዚያ ላይ ስቀል።

ከነጋሪት እንጀምር። ቃሉ ራሱ ከ«ነገረ» የመጣ ነው። የመንግሥት አዋጅ የሚለፈፈው ከበሮው እየተጎሰመ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በገበያ ቀን፣ በገበያ መሀል። ለምን ገበያ? አዋጅ ነጋሪው ቤት ለቤት መዞር ስለማያስፈልገው ነዋ። ሰዉ ጨው ሊገዛ፣ በግ ሊሸጥ በራሱ እግር መጥቷል። የሰማው ማታ ወደ ቀዬው ሲመለስ ወሬውን ይዞት ይሄዳል። አንድ ሰው ጮኾ አንድ አውራጃ ይሰማል፤ የመልእክተኛውን ስንቅ የቻለው ገበያተኛው ራሱ ነው። ስሙ በኋላም አልጠፋም፤ በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ሲመሠረት «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ከበሮው ወረቀት ሆነ።

ከአዋጆች ሁሉ የታወቀውን አስቡት፤ የአፄ ምኒልክን የ1888 ዓ.ም. የዘመቻ አዋጅ። መስከረም ላይ ተነገረ። ለሸዋ ሰው ቦታው ወረኢሉ፣ ቀኑ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ተባለ። የቀረ ምን እንደሚገጥመውም ተነገረው። ሌላው ሌላው እንዳለ ሆኖ፣ እንደ ጥሪ ብቻ ብናየው እንኳን ያስተምራል። ስንቅ ለማሰናዳት የሚበቃ ጊዜ ሰጥቷል፤ የትና መቼ የሚለውን ሁሉም በሚያውቀው ቦታና ወር ተናግሯል። ዛሬ ስንት ፖስተር አለ፣ ፎቶው ግድግዳውን ሞልቶ ቀኑ ጥግ ላይ በጉንዳን ፊደል የተጻፈ!

ወሎ ላይ ነገሩ አንድ ተጨማሪ መልክ አለው፤ ሰዉ የሚቆጥረው በሁለት ካላንደር ነው። ክርስቲያኑ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን ይዞ ይኖራል። ለግሸን ማርያም ጥሪ ወረቀት የሚልክ የለም፤ መስከረም 21 ሲደርስ አምባሰል በሰው ይጥለቀለቃል። ሙስሊሙ ጁምዓን፣ ረመዳንን፣ ዒዱን፣ መውሊዱን ይዞ ይኖራል። የእስልምናው ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር በዓላቱ ከኛ ወራት አንጻር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ወልድያም ሆነ ሀብሩ ላይ አንዱን ካላንደር ብቻ አይቶ ቀን የሚቆርጥ ነጋዴ ግማሽ ደንበኛውን ሊያጣ ይችላል፤ ሰርግ ቤት ያለ ምግብ ዝግጅቱ ጾም ላይ ይውልና ያልቅለታል። የሁለቱም የጋራ የሆነ ቀን ግን አለ፦ የገበያ ቀን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከደጋ የወረደውም ከቆላ የመጣውም እዚያ ይገናኛል።

ሌላው ትምህርት ቤት ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች አብረው የሚቀባበሩበት ነው። ሞት ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ በካላንደር አይያዝም። ስለዚህ ጠሪ ያስፈልጋል፤ በየሰፈሩ እየዞረ፣ ከተማ ከሆነም ጥሩምባ እየነፋ፣ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ የሚናገር። ያ ጥሩምባ ለምን ይሰማል? ስለሚጮኽ ብቻ አይደለም። በከንቱ ነፍቶ ስለማያውቅ ነው። ጠሪው በየቀኑ ለሳሙና ቅናሽ ቢነፋው ኖሮ ለቀብር ማን ይወጣ ነበር? ስልካችን ላይ በየሰዓቱ የሚንጫረረው የማስታወቂያ መልእክት ሳይነበብ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የጥሩምባ ዋጋው ዝምታው ነው።

ወረቀትም ሲመጣ ብልጡ ነጋዴ ያንኑ ጥበብ ተጠቀመ። ለእንቁጣጣሽ ካላንደር አሳትሞ ለደንበኛ መስጠትን አስቡት። የጾሙን፣ የበዓሉን፣ የወሩን ቀን ሰው ራሱ ፈልጎ ያየዋል፤ የድርጅቱ ስም ከሥሩ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ አብሮ ይታያል። አንዴ ተከፍሎበት ለአሥራ ሦስት ወር።

ከዚያ ሞባይል መጣ፤ አዲስ አበባ በ1991 ዓ.ም.፣ ወደኛ ቆየት ብሎ። ሕዝቡ ደግሞ ኩባንያው ያላሰበውን አገልግሎት ፈጠረለት፦ ሚስኮል። «ስደርስ ሚስኮል አደርግልሃለሁ» ማለት ሳንቲም የማያስወጣ ቀጠሮ ነው። ግን አስተውሉ፤ ሚስኮል የሚሠራው ቀድሞ ለተነጋገረ ሰው ነው። ደዋዩን ካላወቅኸው ትርጉም የለውም። ስልኩ የሚያስታውስህ አንተው ቀድመህ የምታውቀውን ነው።

ስልኩ ራሱ ሲጠፋስ? ይኼ ለኛ የመላምት ጥያቄ አይደለም። ከ1997 ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ፣ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው የተከፈተው። በ2013 ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ስልክም መብራትም ባንክም አልነበረም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ደንበኛውን በሙሉ በአንድ የቴሌግራም ቻናል የሰበሰበ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ደንበኛ አልባ ሆነ። የደንበኞቹን ቤት አያውቅም፤ ስማቸው እንኳን ቅጽል ስም ነው።

ቴሌግራሙን ተዉት እያልኩ አይደለም፤ እኔም እዚያው ነኝ። ግን ርካሽ ማለት ዛሬ ትንሽ ያስከፈለ ብቻ ሳይሆን ነገ የማይከዳም ነው። ዝግጅታችሁን ከገበያ ቀን ጋር እሰሩት። በየወሩ አንድ ቀን ምረጡና አትቀያይሩት፤ ሦስት አራት ወር ሲሆን ሰዉ ራሱ ያስታውሳችኋል። አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ጥሩምባ ንፉ፦ አንዴ ቀደም ብላችሁ፣ አንዴ በዋዜማው። ከመርሳም ከውርጌሳም ለሚመጣው ቀኑንና ቦታውን ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ኔትወርክ ይሄዳል ይመጣል። ሮብ ግን የሚያጠፋው የለም፤ በሰባተኛው ቀን ራሱን ችሎ ይመጣል።