ክንፉ ያልታየው በቀቀን

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን ከሚያስጠልላቸው አዕዋፍ አንዱ ባለጥቁር ክንፉ ትንሽ በቀቀን ነው። ለሳይንስ የተዋወቀው ሄንሪ ሳልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ወገኑ በባዕድ አገር የሽቦ ቤት ለመኖር በቃ። በአውሮፓ የበረዶ ወራት በቡድን ተሰብስበው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች ከሽቦው ማዶ የሚያገኙት ግን ሙሉውን ወፍ አይደለም። ብርድ ሲጸናበት ላባውን ነፍቶ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ (የግድግዳ ሙቀት መከላከያም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው) በፎቶግራፉ ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። የወንዱ ቀይ ግንባር ይታያል፤ የክንፉ ሥር ጥቁረት ግን በደንብ የሚገለጠው በበረራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከጥቂቶች በቀር የበቀቀን ወገኖች ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ኢትዮጵያም በ1989 የስምምነቱ አባል ሆነች። ወፉ የሚፈለፈለው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ስለሆነ፣ የጭሊሞ አሮጌ ዛፎች ከተቆረጡ ሲበር የሚያነሣው ሰው አያገኝም።