በገና ያልሆነችው በገና

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለሃርሞኒካ ግን ስም ያወጡላት ሰዎች ናቸው፤ ያውም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ። አንዱ ስሟ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ከጣልያንኛ ተውሶ ለሌላ መሣሪያ ያወጣው ነው። ሌላውን የጀርመን ነጋዴዎች ገበያ አስበው ለጥፈውባታል። የቀሩትን የሰጧት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የተወለዱ፣ ብዙዎቹም ኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ቺካጎ ያቀኑ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ዛሬ ቶኪዮም ይሁን ስቶክሆልም ብሉዝ በሃርሞኒካ የሚማር ሰው ሙያውን የሚጠራው በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ቃላት ነው። የቺካጎውን የሃርሞኒካ ተጫዋች የሊትል ዋልተርን ስም ሰምቶ የማያውቅ ጀማሪ እንኳ ከመምህሩ ጋር የሚግባባው በሊትል ዋልተር ቋንቋ ነው። የቀደምቶቹ ተጽዕኖ እስከ የት እንደዘለቀ ለማየት ሸክላዎቻቸውን ከመቁጠር ቃላቱን መፍታት ይሻላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋናው ስም እንጀምር። በጥንታዊ ግሪክኛ «ሃርሞስ» መጋጠሚያ ነው። ከእሱ የወጣውን «ሃርሞኒያ»ን ሆሜር በ«ኦዲሴ» የተጠቀመበት ለዜማ አይደለም፤ ኦዲሴዎስ ከደሴቷ የሚያመልጥበትን ታንኳ ሲሠራ እንጨቶቹን ያያያዘበትን ማጋጠሚያ ለመጥራት ነው። የአናጢው ቃል ውሎ አድሮ ወደ ሙዚቀኛው ተሻገረና የተለያዩ ድምፆች ተገጣጥመው የሚሰጡት ኅብር መጠሪያ ሆነ። በ1761 ለንደን ይኖር የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ ውሃ በተሞሉ ብርጭቆዎች አፍ ላይ እርጥብ ጣት እያሹ የሚጫወቱ ሰዎችን አይቶ ነገሩን አሻሻለው። የብርጭቆ ሳህኖችን በመጠናቸው ቅደም ተከተል በአንድ ዘንግ ላይ ደርድሮ በእግር የሚሽከረከር መሣሪያ ሠራ። በ1762 ቱሪን ለሚገኘው የፊዚክስ ሊቅ ለጃምባቲስታ ቤካሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ ለሙዚቃ ለተመቸው ለጣልያንኛ ቋንቋ ክብር ሲል መሣሪያውን «አርሞኒካ» እንዳለው ገለጸ። ሞዛርት ሳይቀር በ1791፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት፣ ለዚህ መሣሪያ ደርሷል።

የብርጭቆዋ አርሞኒካ ዘመኗ ሲያልፍ ስሟ ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች በትንፋሽ የሚርገበገቡ የናስ ምላሶች ያሏቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ይሠሩ ጀመር። የምላሱ ብልሃት «ሼንግ» በሚባለው የቻይና የትንፋሽ መሣሪያ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው። ጀርመኖቹ አዲሱን መሣሪያ «ሙንድሃርሞኒካ»፣ የአፍ ሃርሞኒካ፣ አሉት። በ1857 ማቲያስ ሆነር ትሮሲንገን በምትባለው የደቡብ ጀርመን ከተማ ማምረት ጀመረ፤ ትልቁ ገበያውም አሜሪካ ሆነ። በ1896 የወጣው ታዋቂው ሞዴል «ማሪን ባንድ» ይባላል። ይህ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር የማርሽ ባንድ ስም ነው፤ ጆን ፊሊፕ ሱዛ የመራው፣ በዘመኑ ዝናው የናኘ ባንድ። ትሮሲንገን ውስጥ የተሠራች ዕቃ የዋሽንግተንን ሰልፈኛ ባንድ ስም ለብሳ አትላንቲክን ተሻገረች። 10 ቀዳዳና 20 ምላስ አላት፤ አሠራሯም ለጀርመን የሕዝብ ዘፈንና ለቫልስ የታሰበ ነው።

የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች ግን ይህን ሁሉ ስም ትተው «ሃርፕ» አሏት። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት የሚደረድረው መሣሪያ «ሃርፕ» ነው፤ የእኛው መጽሐፍ «በገና» የሚለው ማለት ነው። ክር የሌላት፣ በጣት የማትነካ፣ ኪስ የምትገባ ዕቃ እንዴት በገና ትባላለች? እንግሊዝኛ ከሃርሞኒካ በፊት ጥርስ ላይ ተይዞ በጣት የሚነዘረውን ትንሽ የብረት መሣሪያ «ጁስ ሃርፕ» ሲል ኖሯል። አዲሷ የአፍ መሣሪያ የዚያን የአሮጌውን ስም ወርሳ ሳይሆን አይቀርም። በብዙ የደቡብ ቀበሌዎች ሙሉ ስሟ «ፍሬንች ሃርፕ» ነበር። ፈረንሳይ አልተሠራችም፣ በገናም አይደለችም፤ ስሟ በሁለቱም ቃል ይዋሻል። ያም ሆኖ ተጫዋቾቹ እስከ ዛሬ ድረስ «ሃርሞኒካ» የሚለውን ለመደብሩ ትተው በመካከላቸው «ሃርፕ» ይላሉ።

«ብሉዝ» ደግሞ ከእንግሊዝ ነው የተነሣው። እንግሊዞች የሚያስተክዝ መንፈስን «ሰማያዊ ሰይጣኖች» ይሉት ነበር፤ የቴአትር ጸሐፊው ጆርጅ ኮልማን በ1798 ለአንድ አጭር ኮሜዲው ርእስ አድርጎታል። አጥሮ «ብሉዝ» የተባለው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው፤ ተዋናዩ ዴቪድ ጋሪክ በ1741 በጻፈው ደብዳቤ ይገኛል። በ1862፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ ሳውዝ ካሮላይና ደሴቶች ላይ ነፃ የወጡ ሰዎችን ታስተምር የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት ቻርሎት ፎርተን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ብሉዝ እንደያዛት በማስታወሻዋ አሰፈረች። ያኔ ቃሉ ገና የስሜት ስም ብቻ ነበር። ደብሊው ሲ ሃንዲ «ሜምፊስ ብሉዝ»ን ባሳተመበት በ1912 ግን የዘፈን ዓይነት ሆኗል። እኛ ዘንድ «ትዝታ» ስሜቱንም ዘፈኑንም ቅኝቱንም እንደሚጠራ፣ እዚያም አንድ ቃል ኀዘኑን፣ ግጥሙንና የድምፆቹን አደራደር ጠቅልሎ ያዘ።

ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ቃል ከመስጠታቸው በፊት ግን አንዱ ለሌላ ትልቅ ስም መወለድ ምክንያት ሆኗል። በ1899 ቴነሲ ውስጥ የተወለደው ዲፎርድ ቤይሊ በናሽቪል ሬዲዮ ሃርሞኒካ ይጫወት ነበር። «ፓን አሜሪካን ብሉዝ» የተባለው ሥራው ፓን አሜሪካን የሚባለውን ባቡር በትንፋሽ የሚቀዳ ነው፤ ፉጨቱም የብረት መንኮራኩሩ ምትም ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በ1927 መጨረሻ አንድ ምሽት ጣቢያው ከኒውዮርክ የሚመጣ የክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት አስተላልፎ እንዳበቃ ዲፎርድ ባቡሩን አስነሣ። አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ ያን ጊዜ ነው የቀደመውን «ግራንድ ኦፔራ» ብሎ፣ ከእንግዲህ የሚቀርበው ግን «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» ነው ሲል የቀለደው። «ኦፔራ» በላቲን «ሥራ» ማለት ነው፤ «ኦፕሪ» የዚያው ቃል የገጠር አነጋገር ነው። ቀልዱ የዝግጅቱ ቋሚ ስም ሆኖ ቀረ፤ ዛሬም በአሜሪካ የአገረሰብ ሙዚቃ ውስጥ ከእሱ የገነነ መድረክ የለም። ዲፎርድ ግን በ1941 ከዝግጅቱ ተባረረ። የካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ስሙን የተቀበለው በ2005፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን የተጫዋቾቹን የእጅ ሥራ የሚጠሩ ቃላት ላይ ደረስን። የመጀመሪያው «ክሮስ ሃርፕ» ነው። «ክሮስ» የላቲኑ «ክሩክስ»፣ መስቀል ነው፤ እዚህ ግን ማቋረጥን፣ መሻገርን ይናገራል። በዶ የተቃኘችን ሃርሞኒካ ሲነፏት ዶ፣ ሚና ሶል ትሰጣለች፤ ፋብሪካው ቤቷ እንዲሆን ያሰበው ዶን ነው። የብሉዝ ሰዎች ግን ነገሩን ገለበጡት። ከመንፋት ይልቅ መሳብን አስቀደሙ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ቀዳዳዎች አየር ሲሳብ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይወጣል፤ ይህ የሶል ቤት ነው። ባንዱ በሶል ሲጫወት የዶ ሃርሞኒካ ይዞ መግባት፣ ክሮስ ማለት ይኸው ነው። በዚህ አያያዝ አምስተኛው ቀዳዳ ሲሳብ የሚሰጠው ፋ፣ ለሶል ቤት ብሉዝ የሚፈልገው ዝቅ ያለ ሰባተኛ ድምፅ ሆኖ ተገኘ። የቫልስ መሣሪያዋ የብሉዝ ድምፅ በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ ያገኘው ግን በተቃራኒው በር የገባው ነው።

ሁለተኛው ቃል «ቤንድ» ነው። መነሻው የቀስተኛ ቃል ነው፤ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቀስትን በጅማት አስሮ መወጠር ነበር፤ እንጨቱ ሲወጠር ስለሚጎብጥ ቃሉ ቀስ በቀስ ማጉበጥ ሆነ። ሃርሞኒካ ላይ የሚጎብጠው ድምፅ ነው። ሦስተኛውን ቀዳዳ እንውሰድ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የናስ ምላሶች አሉ፤ ሲነፋ ሶል የሚለው አንዱ፣ ሲሳብ ሲ የሚለው ሌላው። ተጫዋቹ አየር እየሳበ የአፉን ጉድጓድ ቅርጽ ሲለውጥ፣ የሥጋ ምላሱን ወደ ኋላ ሲሰበስብ፣ ሁለቱ የናስ ምላሶች ይተጋገዙና ድምፁ ከሲ ወደ ሶል አቅጣጫ ይወርዳል፤ ግማሽ ድምፅ፣ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ እስከ አንድ ድምፅ ተኩል። ብሉዝ የሚያለቅስበት ሦስተኛ ድምፅ የሚገኘው በዚህ መንገድ መካከል ነው። ለዚህ ድምፅ የተሠራ ቀዳዳም ምላስም የለም፤ አለ የሚባለው በተጫዋቹ አፍ ውስጥ ብቻ ነው። የቀድሞ ሰዎች ይህንኑ «ቾክ»፣ ማነቅ፣ ይሉትም ነበር። ጉሮሮው ለሚሰማው ስሜት ከማጉበጥ ይልቅ ማነቅ የቀረበ ይመስለኛል።

የሰዎቹ ስሞችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ሰኒ ቦይ» በእኛ «ማሙሽ» እንደማለት ነው። በ1914 በጃክሰን፣ ቴነሲ የተወለደው ጆን ሊ ዊሊያምሰን በዚህ ስም በ1937 «ጉድ ሞርኒንግ ስኩል ገርል»ን ቀርጾ ታወቀ፤ ሃርሞኒካን ከአጃቢነት አውጥቶ ከዘፋኙ ጋር የምትነጋገር ያደረጋትም በተለይ እሱ ነው። በ1941 ደግሞ ሄሌና፣ አርካንሶ ውስጥ «ኪንግ ቢስኪት» የተባለ ዱቄት የሚያስተዋውቅ የሬዲዮ ዝግጅት ተጀመረ። የዝግጅቱ ኮከብ አሌክ ሚለር ነበር፤ ጆን ሊ በሕይወት እያለ የጆን ሊን ስም ይዞ «ሰኒ ቦይ ዊሊያምሰን ነኝ» አለ። ዝናው ሲገን በሥዕሉ «ሰኒ ቦይ» የሚባል የበቆሎ ዱቄት ተሸጠ። ጆን ሊ በ1948 ቺካጎ ውስጥ ተገደለ። ሚለር እስከ 1965 ኖረ፤ በ1960ዎቹ አውሮፓን ዞሮ ወጣት እንግሊዛውያን ሙዚቀኞችን አስከትሏል። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች አንደኛና ሁለተኛ ብለው ሊለዩአቸው ተገደዋል። የሚገርመው፣ ስም የወሰደው ሰው ድምፅ አልወሰደም፤ የሁለቱ አነፋፍ ለየቅል ነው።

ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው ቃል ግን «ጁክ» ነው። በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ የሚነገረው የጉላ ቋንቋ ሁካታንና ብልግናን የሚገልጽበት ቃል ነው፤ የቋንቋ ምሁራን ሥሩን ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይም ወደ ወሎፍና ባምባራ ይወስዱታል። ከዚያ ጥቁሮች የሚጠጡበትና የሚጨፍሩበት ቤት «ጁክ» ተባለ፤ ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውተው ሣጥንም «ጁክ ቦክስ» ሆነ። በግንቦት 1952 የሉዊዚያናው ተወላጅ ማሪዮን ዋልተር ጄኮብስ፣ ሊትል ዋልተር የሚባለው፣ ቺካጎ ውስጥ ቃል የሌለበት አንድ የሃርሞኒካ ሥራ ቀረጸ፤ ስሙም «ጁክ» ሆነ። በቢልቦርድ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዝርዝር ስምንት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ርካሽ ማይክሮፎን ከሃርሞኒካው ጋር በሁለት መዳፉ አፍኖ በጊታር ማጉያ ሲያስገባው፣ ድምፁ ወፍራምና ሻካራ ሆኖ ከሉዊ ጆርዳን ሳክስፎን ጋር የሚፎካከር ሆነ። «ሚሲሲፒ ሳክስፎን» የሚለው የሃርሞኒካ ቅጽል ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ያስመሰከረ እሱ ነው። ቅጽሉ ራሱ ትንሽ ዓለም ነው፤ ሚሲሲፒ በኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋ «ታላቅ ወንዝ»፣ ሳክስ የቤልጅጉ መሣሪያ ሠሪ የአዶልፍ ሳክስ ስም፣ «ፎን» ደግሞ የግሪክ «ድምፅ» ነው።

ሊትል ዋልተር በ1968 በ37 ዓመቱ ሞተ። የሃርሞኒካ ተጫዋቾቹ ጄምስ ኮተን፣ ጁኒየር ዌልስ፣ ፖል በተርፊልድና ቻርሊ መስልዋይት የሄዱበት መንገድ እሱና ሰኒ ቦዮቹ የጠረጉት ነው። በ1978 ሹገር ብሉ በሮሊንግ ስቶንስ «ሚስ ዩ» ላይ ሲነፋ የተሰማው አነጋገር የቺካጎው ነው። መምህር ለተማሪው «ክሮስ ያዝ፣ ሦስተኛዋን ቤንድ አድርግ» ሲል፣ የሚያዘው አንድም የፋብሪካ መመሪያ ያላሰበውን ሥራ ነው። ቃላቱ የተረፉት ሥራው ስለተረፈ ነው።

ፋብሪካውም ይህን አልሳተም። ሆነር ከሞዴሎቹ ለአንዱ ስም ሲያወጣ የግሪኩን ቃልም የሱዛን ባንድም ትቶ፣ ሽፋኑ ላይ «ብሉዝ ሃርፕ» ብሎ ቀረጸበት። የእንግሊዞቹን ትካዜና የደቡቦቹን የተሳሳተ በገና አጣምሮ መሸጥ ያዋጣዋል፤ ገዢው የሚጠይቀው በዚያ ስም ነውና።